እንቁላል የታቀፈው ሳጥን

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ፈንግል ገባና ዶሮ የሚባል አለቀ። ቤታችን ከዳባት ወጣ ብሎ ነው። ሚስቴ አሥራ አንድ ዶሮ ነበራት። ሰኞ ዕለት አንዷ አንገቷን ጠምዛ ወደቀች፤ ቅዳሜ የመጨረሻውን አውራ ቀበርኩት። የጎረቤቱም እንደዚያው ሆነ። የተረፈን በሽታው ከመግባቱ በፊት የተጣለ ሃያ ሁለት እንቁላል ብቻ ነው። ሚስቴ ቁና ገብስ ውስጥ ቀብራ ያስቀመጠችው ነው።

«ከገበያ ሌላ እገዛልሻለሁ» አልኳት።

«በሽታው ገና ከግቢው አልወጣ፣ የገዛሃትም ታልቅልሃለች። ደሞስ የእናቴን ዘር ከየትኛው ገበያ ነው የምትገዛው?»

ዘሩ አንገተ መላጣ ነው። ስትዳር እናቷ አንዲት ቄብና አንድ አውራ በአገልግል አድርገው የሰጧት ነው። ልጆች ወልደን፣ ልጆቹ ወጥተው፣ እናቷም አርፈው፣ ያ ዘር ከቤታችን አልጠፋም ነበር። አሁን ያለው በእነዚያ እንቁላሎች ውስጥ ብቻ ነው። የምታቅፍ ዶሮ ደግሞ በሰፈሩ የለችም። እንቁላል ሳይታቀፍ ሁለት ሳምንት ከሞላው አለቀለት፤ የኛ አሥር ቀን ሞልቶት ነበር። ሚስቴ አታለቅስም፤ ቁናውን ብቻ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ታዞር ጀመር። ይኸ ነው ያሳሰበኝ።

ጎንደር ወዳለችው ልጃችን ደወልኩ። ቀሐ አካባቢ ነው የምትኖር፤ ሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ የኤሌክትሪክ ነገር ታስተምራለች። እሑድ ጧት ላፕቶፕና አንዲት ካርቶን ይዛ ከተፍ አለች።

«አባባ፣ እንቁላሉን ሳጥን እናሳቅፈዋለን» አለችኝ።

«ሳጥን ክንፍ አለው?»

«አምፖል አለው።»

ጋቢዬን የማስቀምጥበትን የእንጨት ሳጥን አስወጣችኝ። አልሰጥም ብዬ ነበር፤ ሚስቴ ጋቢውን አውጥታ አልጋ ላይ ወረወረችው፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ልጄ ሳጥኑን በጎን በጎኑ በሳችው፣ ውስጡን በካርቶን ለበጠችው፣ አምፖል ሰቀለችበት፣ በጣሳ ውኃ አስቀመጠችበት። ከዚያ ከካርቶኗ ውስጥ የእጄን መዳፍ የማታክል አረንጓዴ ነገር አወጣች። ስሟን ማይክሮኮንትሮለር አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳትና ተውኩት፤ እኔ ቦርድ እላታለሁ።

«ይቺ ሙቀቱን እየለካች፣ ሲበርድ አምፖሉን ታበራለች፣ ሲሞቅ ታጠፋለች። አሁን ግን ባዶ ናት፣ ምንም አታውቅም። የምትሠራውን ኮምፒውተሩ ላይ ጽፈን እንጭንባታለን።»

እሷ ሽቦ ስትቀጥል እኔ ላፕቶፑ ላይ ስሜን ልጻፍ ብዬ አስቸገርኳት። ከታች በቀኝ በኩል ጥግ ላይ አንዲት ነገር ነካችና «አማ» የሚል ፊደል ወጣ። ከዚያ ወዲያ የምነካው ሁሉ አማርኛ ሆነ። ፊደል የቆጠርኩ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ስሜን በአንድ ጣት ጻፍኩ። ደስ አለኝ። ከዚያ ተቀበለችኝና ወደ ሥራዋ መለሰችው።

ቦርዷን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኝ ገመድ ያስፈልጋል አለች። የኔ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ልክ ገጠመ። ሰካሁት፣ ቦርዷ ላይ ያለች ቀይ መብራት ቦግ አለች።

«ይኸው በራች!»

«በርታለች፤ ኮምፒውተሩ ግን አላያትም። ገመዱ ነው አባባ። ኤሌክትሪክ ያደርሳል እንጂ ወሬ አያደርስም።»

«ገመድ ገመድ ነው! መብራቱን ያደረሰ ወሬውን ምነው አያደርስ?»

አልለቅም አልኩ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ጫፉን በጋቢዬ ጠረግሁ፣ እፍ አልኩበት። አንድ ሰዓት ሙሉ አስፈጀኋት። እሷም አባቷ ነኝና ታገሠችኝ። በመጨረሻ ካርቶኗ ሥር የነበረውን የራሷን ገመድ አውጥታ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ወዲያው ጢጥ አለና ቦርዷን አያት። እሰይ ስንል መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ነው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ሞተ።

ሚስቴ አላየችኝም። ቁናውን ብቻ አየችው።

ልጄ በማግሥቱ ተማሪዎቿን የምትፈትን ስለነበረች፣ የመጨረሻውን መኪና ይዛ መሄድ ነበረባት። ሁሉም ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው አንድ ቁጥር መቀየርና መጫን ነው፣ በስልክ አሳይዎታለሁ አለች። እንዴት እንደሚከፈት፣ የትኛዋ ቀስት እንደምትነካ ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝና ላፕቶፑን ትታልኝ ሄደች። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ሞፈር ቢሰበር፣ በሬ ቢተኛ መላ አለኝ፤ ይኸኛው ግን በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነው።

ሰኞ ጧት መብራቱ መጣ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ እንዳሳየችኝ የጻፈችውን አወጣሁ፣ ቦርዷን በደህናው ገመድ ሰካሁ። ልጄ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ እደውላለሁ ብላ ነበርና መጠበቅ ሆነ። እጄ ዝም አይልም። ሌላ ባዶ ገጽ ከፍቼ፣ ያችን ጥግ ነካሁና የሚስቴን ስም በአማርኛ ጻፍኩላት።

«ይኸው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እኔማ እዚህ ተቀምጬ ስፌቴን እየሰፋሁ ነው» አለች። ማንበብ አትችልም። ወስፌዋን ይዛ፣ አለላዋን አፏ ውስጥ እያራሰች፣ ቁናው አጠገብ ነበረች።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

«አባባ፣ ያለኝ ሩብ ሰዓት ነው። ከላይ አካባቢ 30 የሚል ቁጥር ይታይዎታል? ለሙከራ የጻፍኩት ነው። 38 ያድርጉት፤ እንቁላል የሚፈልገው እሱን ነው።»

ቁጥር አውቃለሁ። አገኘሁት። በማጥፊያዋ አጠፋሁት፤ ጣቴ ወፍራም ሆነና ከጎኑ የነበረችውንም ምልክት አብሬ በላኋት። 38 ጻፍኩ።

«መጨረሻ ላይ የነበረች ነገር አብራ ጠፋች።»

«ችግር የለም። ድርብ ሰረዝ ናት። ከትልቁ ቁልፍ በስተግራ ሁለተኛዋን ይጫኑ።»

ድርብ ሰረዝ! ይቺንማ አውቃታለሁ። መሠረተ ትምህርት ላይ በጠመኔ አስጽፈውኛል። ተጫንኳት፤ ቁልጭ ብላ ወጣች፦ ፤። ፈረንጅም የሐሳቡን መጨረሻ እንደኛ ይዘጋል ማለት ነው ብዬ አከበርኩት። ቀስቷን ነካሁ።

ከታች ቀይ ጽሑፍ ወረደ።

«ቀይ ሆነ» አልኳት።

«ድርብ ሰረዙን አድርገዋል?»

«አድርጌያለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት? አንድ ነጥብ ብቻ አይደለም?»

«ልጅት፣ ድርብ ሰረዝ ላስተምርሽ? ከላይ ነጥብ፣ ከታች ነጥብ፣ መሀሉ ላይ ሰረዝ! ዓይኔ አልጠፋ!»

አጥፍቼ ደገምኩት። ቀይ ሆነ። ሦስተኛ አደረግሁት። ቀይ ሆነ። ልጄ ቦርዷ ተነቅላ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ገመዱን ጠየቀችኝ። ከወዲያ ተማሪዎች ሲንጫጩ ይሰማል። ሩብ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ትናንት በገመድ ግትር ብዬ አንድ ሰዓት አቃጠልኩ፣ ዛሬ ደግሞ በዚህ ዘሩን ላጠፋው ነው አልኩ በሆዴ። ግን ልክ ነበርኩ እኮ! ድርብ ሰረዝ ድርብ ሰረዝ ነው!

ሚስቴ ስፌቷን አስቀመጠችና መጥታ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች። ከላይ እስከ ታች አየች፣ ስፌቷን ቆጥራ ስህተት እንደምትፈልግ።

«እዚህ ላይ ስቷል» አለች በወስፌዋ እየጠቆመች።

«ምኑ ነው የሳተ? ታነቢያለሽ እንዴ?»

«አላነብም። የሌላው መስመር ጫፍ ግን ሁሉም ጭራ አለው። እይ፣ ይቺም፣ ይቺም፣ ይቺም። ያንተዋ ብቻ መቀነት ታጥቃለች።»

አየሁ። እውነቷን ነው። የሌሎቹ ነጥብ ሆኖ ከሥሩ እንደ እንቁራሪት ግልገል ጭራ ያለው ነው። እኔ ድርብ ሰረዝ ሲሉኝ ድርብ ሰረዝ አየሁ፤ ሌላውን አላስተዋልኩም። እሷ ማንበብ ስለማታውቅ ያለውን አየች።

ስልኩ ውስጥ የልጄ ሳቅ ፈነዳ።

«አባባ! አማርኛ ላይ አድርገውታል እንዴ?»

«የእናትሽን ስም ስጽፍ ነው።»

«የፈረንጁንም ድርብ ሰረዝ ነው የምንለው፤ ግን ሌላ ነው! ኧረ ወየው! ያችን 'አማ' የምትለዋን ይንኩና መልሰው ይጫኑ!»

ነካሁ። መቀነት የታጠቀችውን አጥፍቼ ያችኑ ቁልፍ ስጫን ባለ ጭራዋ ወጣች። ቀስቷን መታሁ። ቦርዷ ላይ ትንሿ መብራት እንደ ዓይን ተርገበገበች፣ ተርገበገበች፣ ቆመች። ቀይ ጽሑፍ የለም። ሳጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና አምፖሉ በራ።

«በራ! አንቺ፣ በራ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አትጩህ፣ እንቁላል ይሰማል» አለች ሚስቴ። ድምፅዋ ግን ሌላ ሆኖ ነበር።

ልጄ ወደ ፈተናዋ ሄደች። እኛ አንድ ሰዓት ተቀምጠን አምፖሉ ቀጭ ብሎ ሲጠፋ፣ ቀጭ ብሎ ሲበራ አየን። ከዚያ ሚስቴ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከገብሱ አውጥታ አስቀመጠቻቸው። ማገላበጡ እንዳይምታታ በአንድ ጎናቸው ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። በቀን ሦስት ጊዜ እሷ ታገላብጣለች፣ እኔ ውኃውን እሞላለሁ። መብራት ሲሄድ ትኩስ ውኃ በጄሪካን አድርገን፣ በጋቢዬ ጠቅልለን እናስገባለን፤ ሳጥኔንም ጋቢዬንም ወረሱኝ ማለት ነው።

ወሬው ሰፈር ገባ። ጎረቤታችን ያለች ሴት፣ አፏ የማይከደን፣ በየቀኑ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች።

«አያ፣ ምነው ሳጥኑን ብቻውን ተዉት? እርስዎም ክንፍዎን ዘርግተው ይቀመጡበት እንጂ!»

«አንቺን ብናስቀምጥሽ ይሻል ነበር፣ መጮኹንስ ታውቂበታለሽ» እላታለሁ።

«ከተፈለፈለ እኔ ጭራ ላብቅል!»

በሃያኛው ቀን ሚስቴ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። በእጇ ዝም በል አለችኝ። ጆሮዬ ደከም ስላለ መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ጠጋ ስል፣ ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን ጭው ጭው የሚል ነገር መጣ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንዱ እንቁላል በወፍራም ጫፉ በኩል ተሰነጠቀ። ሚስቴ ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት፤ ልጃችን አትንኩ ብላለች። ምሳ ሳንበላ ዋልን። መጀመሪያ የወጣው እርጥብ ሆኖ፣ ሁለት እግሩ እየተቆላለፈ፣ አንገቱ ራቁቱን ነው።

«አንገቱን እየው! የእናቴ ነው!» አለች። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነባት። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ የአምፖሉ ሙቀት ነው ብያታለሁ።

ከሃያ ሁለቱ አሥራ አምስት ወጡ። ሚስቴ አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ብላ፣ ሲጠኑ ጥንድ ለእኅቷ ማክሰኝት፣ ጥንድ ለወንድሟ ልጅ አዲ አርቃይ እንልካለን አለች። ሸጋ ነው አልኳት። አሁን ቤቱ በጫጩት ጩኸት አይቻልም፤ አንዱ ጫማዬ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ስፌቷን ይበትናል።

ጫጩቶቹ በወጡ በአራተኛው ቀን ልጄ ደወለች። ቦርዷን ለተማሪዎቿ ማሠልጠኛ ትፈልጋታለች፤ በመጀመሪያው መኪና ላኩልኝ አለች። ያን ጊዜ በሩ ላይ ያቺ ጎረቤታችን ቆማለች። ደባርቅ ካለው ወንድሟ ያስመጣችውን አሥራ አራት እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። አፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከድኗል።

«አበቅላለሁ ያልሽው ጭራ የታለ?» አልኳት።

«አያ፣ ይተዉኝ እስቲ። ቦታ አለው?»

ሚስቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ልጄ፣ ሌላ ግዢላቸው» አለቻት። «ይቺኛዋ እንደገና ልትታቀፍ ነው፤ ደሞ የታቀፈች አትነሳም።» ስልኩን ዘጋችና ከጎረቤታችን ነጠላ ላይ እንቁላሉን አንድ በአንድ መቀበል ጀመረች። እኔ ከሰል ፍለጋ ወጣሁ።