ዓይን እንዳይበትን

በሥዕል ቤታችን እኔ አታሚ ነኝ፤ እሷ ሠዓሊ። ሰው የተጨማደደ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እሷ በኮምፒውተር ትልቅ ሥዕል አድርጋ ትሠራዋለች፤ እኔ ሸራ ላይ አትሜ ፍሬም ውስጥ አስገባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ፣ ሳትስቅ ሰላም ያለችኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ሙያዋ ቀለም መቀባት አይደለም፤ ቀለምማ ማንም ይቀባል። የእሷ ሙያ የሰውን ዓይን እየመሩ መውሰድ ነው። "ሁሉም ነገር ከጮኸ ዓይን አዋጅ ይሆንበታል፣ ጋሼ" ትለኛለች። ስለዚህ እንዲታይ የምትፈልገው ፊት ላይ ብርሃኑን ታሳርፋለች፤ ከጀርባው ጨለማ ታደርጋለች፤ ጠርዙን ጥርት ታደርገዋለች። መጋረጃውን፣ ወንበሩን፣ የአክስትየውን ሻሽ ታደበዝዛለች። ሲያልቅ እኔን ትጠራኛለች። እስከ ሦስት ቆጥሬ አያለሁ፣ ከዚያ እጨፍናለሁ። "ማንን አየህ?" ትላለች። የፈለገችውን ሰው ከጠራሁ ሥዕሉ አለቀ ማለት ነው። አስተያየቴን ጠይቃኝ አታውቅም፤ የምትፈልገው ያልተማረ ዓይኔን ብቻ ነው። ይሄም ክብር ከሆነ እሰየው።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሟ በሕክምና ተመረቀ። እናትየው የሳሎኑን ግድግዳ የሚሞላ የቤተሰብ ሥዕል አዘዙ፦ አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ መሃል ላይ ሐኪሙ። ልጁን ያስተማረችው እሷ ናት፤ ሰባት ዓመት ከኮምፒውተሯ ወንበር ሳትነሳ። እናትየው ግን ስለ እሷ ሲጠየቁ "እዚያ ፎቶ ቤት ነገር ትሠራለች" ነው የሚሉት። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እኔ ቆሽቴ አረረ። እናቷ አንድ ቀን እንዲያዩዋት ትፈልግ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠራችኝ። አየሁ፤ ጨፈንኩ።

"ማንን አየህ?"

"አንቺን።"

"ኧረ ተው! ባለቀኑ እሱ ነው እኮ።"

ራሷን ዳር ላይ ቆማ፣ ወንድሟን ቀና ብላ ስታይ ነበር የሳለችው፤ መስኮቱ በእሷ በኩል ስለሆነ ግን ፊቷ በርቷል። በኮምፒውተር ሲሳል እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሌየር አለው፤ ልክ እንደተደራረበ መስታወት። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ የዓይን ምልክት ሲነኳት ያ ሰው ይጠፋል፤ ደግመው ሲነኳት ይመለሳል። ለሙከራ ብላ የራሷን አጠፋች።

"አሁንስ?"

"ወንድምሽን።"

"በቃ፣ ገባኝ። የእኔን ፊት ትንሽ ላጨልመው።"

ይህን እያለች ደንበኛ ገባ፤ ቀጥሎ ሌላ ገባ። አመሻሽ ላይ ተጣድፋ ፋይሉን ላከችልኝ። እኔም አተምኩት። ያንን የሚያህል ሸራ በገዛ እጄ ስወጥር፣ አራተኛዋ የት ሄደች አላልኩም።

እሷ ሥዕሉ ውስጥ አለመኖሯን ያየችው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው፤ በምርቃቱ ድግስ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ። በማግስቱ ስትነግረኝ ውሃ ሆንኩ።

"አምጪው፣ ዛሬውኑ ደግሜ አትመዋለሁ" አልኳት።

"ቆይ ጋሼ። እማዬ ራሷ እስክታየው ልጠብቅ።"

ጠበቀች። ዘመድ አዝማድ ሥዕሉ ሥር እየቆመ ፎቶ ተነሳ። አባቷ በየምሽቱ ከሥሩ ተቀምጠው ዜና አዩ። ወንድሟ ስልኩ ላይ ለጠፈው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን እሷ ስትነቅዝ አየሁ። ጠዋት ጠዋት ሳቋ ቀረ።

በአራተኛው ወር እናትየው ሥዕሉን በአንሶላ ጠቅልለው በጭነት መኪና አስጭነው መጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ጎድሎታል" አሉ ገና ከበሩ። "ባየሁት ቁጥር ልቤ እሺ አይለኝም። የሆነ ነገር የለም እላለሁ፣ አባትሽ ይስቅብኛል። ትናንት ነው የገባኝ።"

ከወንበሯ ተነሳች። እኔም መቁረጫዬን አስቀመጥኩ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

እናትየው አንሶላውን ገፈው ጣታቸውን የሐኪሙ እጅ ላይ አሳረፉ።

"ሰዓቱ! አጎቱ የሸለመውን ሰዓት እኮ ረስተሽዋል።"

ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፋይሉን ከፍታ ሰዓቱን ሳለች፤ መስታወቱ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ጠብ አደረገች። እናትየው ከኋላዋ ቆመው ነበር።

"አየሽ? አሁን ሙሉ ሆነ። እጅሽ ይባረክ።"

ስክሪኑ ጥግ ላይ ሌየሮቹ ተደርድረዋል። "እኔ" ብላ የሰየመችው አሁንም እንደጠፋ ነው። ጎንበስ ብዬ "ላብራው?" አልኳት በጆሮዋ።

"ተወው ጋሼ" አለች። "ዓይን ይበትናል።"

ሄጄ አተምኩት፤ ሦስት ሰውና አንድ ሰዓት።