አሥራ አንድ ቆርኪ ቡናማ

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ቅዳሜ ባህል አዳራሽ አካባቢ የገባሁበት ቀለም መሸጫ ነው። ለሳሎኔ በር ቡናማ ቀለም ስጠይቅ፣ ሻጯ ልጅ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ካርቶን አውጥታ "የትኛውን ቡናማ ነው የሚፈልጉት እናቴ?" አለችኝ። ስቆጥረው ከሠላሳ በላይ ቡናማ አለ። ቆሜ ስስቅ ልጅቷ ግራ ገባት። እሷ በማሽን የምታወጣውን፣ እኔ በአንድ ወቅት በክብሪት እንጨት ሳማስል ከዘመድ ሁሉ ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ማትሪክ ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። መምህር የነበረው አባዬ ታይፕ ትማሪያለሽ ብሎ ቆርጧል። የእኔ ልብ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ምሥራቅ ሰፈር የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሰውዬ ረዳት እየፈለገ ነበር። ይህን ለአባዬ ስነግረው "ቀለም ሥራ አይደለም፤ ልብስ ማበላሻ ነው" አለኝ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ግርማ ሊያገባ ነበርና ኬክ ለማዘዝ ሄዶ እየተነጫነጨ ተመለሰ። ኬኩ ላይ የሚቆሙት የፕላስቲክ ሙሽሮች ሮዝ ናቸው። "እኔ ሮዝ ነኝ? እሷስ ሮዝ ናት?" አለ። እንግዲያው እኔ እሠራልሃለሁ አልኩት። ከዋንዛ ፍልጥ በቢላና በምላጭ ሙሽሮቹን ጠረብኩ። ከጀመርኩ በኋላ እጄ አላርፍ ብሎ የሁለቱን ወገን ቤተሰብና ሚዜውን ጨመርኩ። አሥራ አንድ ሰው፣ እያንዳንዱ አውራ ጣት የሚያህል፤ መልሱ ዕለት ከኬኩ ዙሪያ ሊቆም።

አባዬ አንዱን አንስቶ በመነጽሩ ሥር አገላበጠው። "እንግዳው እያንዳንዱን ሰው ካወቀ ታይፑ ይቀራል። ካላወቀ ሰኞ ታይፕ ቤት ነሽ" አለ። መምህር ነውና ያለ ማለፊያ ነጥብ መነጋገር አይሆንለትም።

ችግሩ፣ አውራ ጣት በምታህል እንጨት ላይ መልክ አይወጣም። አፍንጫው ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ልብሱ ሁሉ ነጭ የሐበሻ ልብስ ነው። ሰውን ከሰው የሚለየው የፊቱ ቀለም ብቻ ሆነ። ሱቅ ያለው ቡናማ ደግሞ አንድ ነው፤ የበር ቀለም። በእሱ የቀባሁት የመጀመሪያው ሰው ቁም ሣጥን መሰለ። ነጭ ብጨምርበት ከሆስፒታል የወጣ በሽተኛ ሆነ። ብዙ ካበላሸሁ በኋላ ነው ሰውን ሰው የሚያስመስለው ነጭ ሳይሆን አንድ ጠብታ ቢጫና የክብሪት ጫፍ ያህል ቀይ መሆኑ የገባኝ።

ከሻይ ቤቱ ደጅ አሥራ አንድ ቆርኪ ለቅሜ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቡናማ በጠበጥኩ። ለራሴ ስም አወጣሁላቸው። ግርማ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚሸጠው የአሣ ጥብስ ጠርዝ ነው፤ በደንብ የበሰለው። የሙሽራዋ እናት የዳቦ ቅርፊት ናቸው። የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ሙሉነሽ፣ የቆየ ማር። አባዬ ዝናብ የመታው አፈር። ወሩ ጥር ነው፤ ጋሪ ባለፈ ቁጥር አቧራው ስለሚነሣ ቆርኪዎቼን በሰፌድ ለመክደን እሮጣለሁ። በቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጁ የተነሣ ያን ሳምንት የበላነው ሽሮ ሁሉ አኳራጅ አኳራጅ ይል ነበር።

መጀመሪያ የመጣችው አክስቴ ናት። ለሠርጉ ሽንኩርት ልትከትፍ መጥታ እጇን እየጠረገች አጠገቤ ቆመች።

"ይቺ ማናት?"

"አንቺ ነሻ አክስቴ።"

"ምነው፣ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣሽኝ እንዴ?"

"እንዲያውም በጣም ነው የምትመስልሽ።"

"መምሰሉን ተይው። እኔ የቀይ ዳማ ነኝ። እናትሽን ጠይቂ።"

እማዬን ብጠይቃት እየሳቀች ወጥ ቤት ገባች። ለአክስቴ ጥቂት ቢጫ ጨመርኩ። በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ሳህን ለመቁጠር ነው ብለው መጡና፣ ሳህኑን ሳያዩ "ልጄ፣ እንደው የሙሉነሽ ከእኔ መቅላት ደግ ነው?" አሉኝ። እሳቸውንም አቀላኋቸው። ግርማ ሙሽራ ነኝ አለ። ሙሽራዋ ግርማ ከእኔ ሊቀላ ነው ወይ ብላ ላከችብኝ። እማዬ ፎቶ ቤቱ በእጅ ቀለም አቅልቶ የቀባላትን የሠርጓን ፎቶ አምጥታ ከፊቴ አቁማ ሄደች። በሳምንቱ መጨረሻ አሥሩ ቆርኪ አንድ ዓይነት ዳቦ ቅርፊት ሆኗል። ያልመጣው አባዬ ብቻ ነው። ፈታኝ ተፈታኝ ቤት አይሄድም።

መልሱ ዕለት እንግዳው ጠረጴዛውን ከበበ። አክስቴ የሙሽራዋን እናት አንስታ "ይኸው እኔ" አለች። ሴትየዋ "ኧረ እኔ ነኝ፣ ካላመንሽ አንገቴን እይው" ብለው ተቀበሏት። ግርማ ከሚዜው ጋር ተምታታ። አንድ የአባዬ ባልደረባ በመጨረሻ ጣቱን ዘርግቶ "መምህርን አወቅናቸው። ሌሎቹ ከየት የመጡ ናቸው?" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አባዬም አየ። "ለልጄ ሠርግ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ ቀስ ብሎ "ከአሥራ አንድ አንድ" አለኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ኬኩ ምን ምን እንደሚል አላውቅም። አክስቴ ግን ከጎኔ ቆማ ሰምታለች።

እስከ ዛሬ የማስበው አሥሩን አይደለም። ሰው በሠርግ ቀን ቀላ ብሎ ለመታየት ቢመኝ ምን ያስወቅሰዋል? የማዝነው በራሴ ነው። ትክክለኛውን ቀለም አግኝቼው፣ በቆርኪ ይዤው፣ ሰው ፊቱን ባጠቆረብኝ ቁጥር ቢጫ ጨምሬ አጠፋሁት። ለቀለም ሻጯ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ከካርቶኑ ላይ ጠቆር ያለውን መርጬ ወጣሁ።

ያኔ፣ መልሱ እንዳለፈ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ መጣች። እንጨቷን ከመሐረብ ፈትታ ሰጠችኝና ደጃፉ ላይ ፀሐይ ውስጥ ተቀመጠች፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። "እንደ ክንዴ አድርጊኝ" አለች። አንድ ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠችልኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ ይዛት ገብታ አባዬ ጠረጴዛ ላይ አቆመቻት። "ይቺ ማናት?" አለችው። አባዬ መነጽሩን አደረገ። "አንቺ ነሽ" አለ። "እንግዲህ ያበላሸናት እኛ ነን። ልጅቷ አንተን ያወቀችህ አርፈህ ስለተቀመጥክላት ነው" አለችው። አባዬ ሰኞ ጠዋት ታይፕ ቤት ሄደና ለምዝገባ የሰጣቸውን ሁለት ጉርድ ፎቶዎቼን ተቀብሎ መጣ።