የአባቴ ምርቃት በአራት ዲስክ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከብፌው ሥር፣ የዘመድ ሁሉ ሰርግ የሚያድርበት ኮምፒውተር አለ። ከመሥሪያ ቤቴ በጨረታ የገዛሁት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። እኔ ሰርቨር እለዋለሁ፤ እናቴ «ጎተራው» ትለዋለች፤ ባለቤቴ ደግሞ የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር ሌላ ስም ያወጣለታል። የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ይህ ማለት ለዘመዶቼ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዘፈን የምታሻግር ሴት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጠዳ ያለችው አክስቴ የልጇን ሰርግ የያዘው ፍላሽ ተበላሽቶባት ስታለቅስ፣ ቪዲዮውን እንደ ምንም አውጥቼ ሰርቨሩ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ወዲህ ያገባ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳ፣ ተዝካር ያወጣ ዘመድ በሙሉ ፍላሹን ይዞ ከደጄ አልጠፋ አለ።

የሰርግ ቪዲዮ ምን ያህል ቦታ እንደሚበላ የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል። የጎንደር ካሜራማን ከሙሽራዋ ጥፍር ቀለም ጀምሮ እስከ መልሱ ማግስት ድረስ ካሜራውን አያጠፋም። ሰው ሲበላ ይቀርጻል፤ የበላው ሲጠጣ ይቀርጻል፤ ያልደረሰው ሲያኮርፍ ሳይቀር ይቀርጻል። ከዚህ ላይ ቀነስ አድርጌ ቦታ ላተርፍ ብል ዘመድ ሆድ ባሰው። «እኔ የታየሁት እኮ እዚያች ጋ ብቻ ነው፤ እሷንም ልታጠፊብኝ ነው?» አለችኝ አንዲት የሩቅ ዘመድ፣ ሳህን ይዛ በካሜራው ፊት ከማለፏ በቀር የትም የሌለች። ማጥፋቱን ተውኩት። ዲስኩ ሲሞላ በዩኤስቢ ሌላ ጨመርኩ፤ እሱም ሲሞላ ሌላ። በኋላ ከብፌው ሥር ያለው የኬብል ብዛት ያስፈራ ነበር፤ እናቴ በጠረገች ቁጥርም አንዱ ተነቅሎ የአንዱ ዘመድ ትዳር ከሰርቨሩ ጋር ከተገናኘው ቲቪ ላይ ይጠፋ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የዘመዱ ሰርግ ቢጠፋ እንቅልፍ አይነሳኝም። እዚያ ውስጥ ያለው የአባቴ ድምፅ ግን ይነሳኛል። አባቴ የወገራ ሰው ነው፤ የዘመዱ ሁሉ መራቂ እሱ ነበር። እሱ ተነስቶ ካልመረቀ ሰርግ እንዳለቀ አይቆጠርም፤ በልቶ የጨረሰ እንግዳ እንኳ ምርቃቱን ሳይሰማ ንቅንቅ አይልም። አይቸኩልም፤ አንዷን ሙሽራ በመረቀበት ቃልም ሌላዋን አይመርቅም። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ስትሮክ ቀኝ እጁንና አንደበቱን ወሰደበት። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ይስቃል፤ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ እሱና እናቴ እኛ ዘንድ ናቸው።

የታናሽ እህቴ ሰርግ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ሲቆረጥ እናቴ ለብቻዋ ወሰነች። «ምርቃቱን ከጎተራው አውጥተሽ በቲቪ ታሰሚያለሽ» አለችኝ። «ልጄ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤቴ አትወጣም።» እኔም ቃል ገባሁ። ችግሩ፣ ድምፁ ከእኔ ሌላ የትም የለም። ዘመዶቼ «ከእሷ ዘንድ ካለ ምን አሳሰበን» ብለው ፍላሻቸውን አጥፍተው ድራማ ሞልተውበታል።

ስለዚህ ተጠነቀቅሁ። እዚሁ ጎንደር አራዳ ባለ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ በኩል አራት ዲስክ ጎን ለጎን የሚይዝ ሳጥን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ኬብል ይገናኛል፤ ዲስኮቹ ሳብ ሲያደርጓቸው እንደ መሳቢያ ይወጣሉ። ዋጋውን ለባለቤቴ በግማሹ ነገርኩት። የገጠምኩ ዕለት ቤተሰቡን ሰብስቤ ንግግር አደረግሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ባለሙያ ሰው ግን ሳይጠየቅ ካላስረዳ አይሆንለትም።

«አራቱ ተደጋግፈው ነው የሚይዙት» አልኩ። «ከአራቱ አንዱ ቢሞት፣ ቢሰረቅ፣ ቢወጣ እንኳ ምንም አይጠፋም። ሦስቱ የእሱን ድርሻ ይሸፍኑለታል።»

እናቴ ትንሽ አሰብ አደረገችና «እንደ እድር ነው በይኛ» አለች።

«በትክክል! እንደ እድር ነው» አልኩ፣ በጣም ደስ ብሎኝ። ለካ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ቀን አፌን ብይዝ ኖሮ የተከተለው ጣጣ አይመጣም ነበር።

ሰርጉ ሲቃረብ መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ባሕር ዳር ላከኝ። ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩና ምርቃቶቹን ልምረጥ ብዬ ቲቪውን ስከፍት አንድም ሰርግ የለም። ከብፌው ሥር የሚጮኽ ነገር ይሰማል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሳጥኑ በእናቴ ነጠላ ተሸፍኗል። ነጠላውን ገለጥኩት። ከአራቱ መሳቢያ ሁለቱ ባዶ ናቸው።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ። ለእኅቴ አውሼላት ነው። የልጄን ሰርግ ልይ ብላ ከጠዳ ድረስ መጥታ ባዶ እጇን ልስደዳት? የቷን እንደምሰጣት ግራ ቢገባኝ ዳር ያለችውን ሰጠኋት። ምነው፣ ምን ሆነሽ? አንዱ ቢወጣ ምንም አይጠፋም ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ከዚያ ወዲያ ሲጮህብኝ ሸፈንኩት።»

«አንዱን ብቻ ነው ያወጣሽው?»

«አንዱን ብቻ። ሁለቱን የማወጣ ስግብግብ ነኝ?»

ባለቤቴ ከስልኩ ላይ ቀና አለ። «እኔም አንዱን ብቻ ነው» አለ።

አዘዞ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ፊልም የሚያጠራቅምበት ዲስክ ቸግሮት ኖሯል። «ትርፍ አለን አልኩት። አንቺው ነሽ ያልሽው።»

«አንዱ ቦታ ቀድሞውንም ባዶ መሆኑን አላየህም?»

«አየሁ። ወደፊት ለሚመጣው ያዘጋጀሽው መሰለኝ።»

ሁለት ሰው፣ አንድ አንድ። ሁለቱም ቃሌን ከእኔ በላይ ጠብቀዋል። ልንገራትም አላሉም፤ ወንፊት ያዋሰ ሰው ሪፖርት ያደርጋል እንዴ? ሳጥኑ የአንዱን መጥፋት ይችላል፤ ሁለት ከሄዱ ግን የቀሩት ሁለቱ ዲስክ ሳይሆኑ ብረት ናቸው። ይህን ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ካሁን በፊት አስረድቼ ያተረፍኩት ይበቃኛል። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

የአዘዞው ሰው ስልኩን አያነሳም። በማግስቱ በሚኒባስ አዘዞን አልፌ ጠዳ ወረድኩ። አክስቴ ዲስኩን ከቁምሳጥኗ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ በፌስታል፣ ፌስታሉ ደግሞ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ቲቪዋ አልቀበል ስላላት ባሏ ዲስኩን ዘፈንና ፊልም ወደሚጫንበት ሱቅ ወስዶት ነበር። ታሪኩን እሱ ቀጠለልኝ።

«ባለሱቁ ከኮምፒተሩ ጋር አገናኘውና ‹ይሄ ካልጸዳ አይሠራም፣ ላጽዳው ወይ?› አለኝ። መጽዳቱማ ሸጋ ነው አልሁት።»

«ከዚያስ፣ አያ?» አልኩ።

«ከዚያማ ባዶ ሆነ። የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደለም? መዝሙር አስሞላሁበት፤ እስካፍ ገደፉ።»

ምን ይባላል? ድስት ተውሰው ሲመልሱ ሽንብራም ቢሆን ጣል ሳያደርጉ የማይመልሱ ሰዎች ናቸው። ዲስኩን አጥፍተውታል፤ በጠፋው ላይ ደግሞ ሌላ ጭነውበታል፤ የዓለም ባለሙያ ቢሰበሰብ ከዚያ ላይ አንዲት ቃል አያወጣም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ግን በጨዋ ደንብ ነው። አመሰገንኳቸው። ምሳ አቀረቡልኝ፤ ጥርሴን ነክሼ በላሁ።

አሁን የአባቴ ድምፅ ያለው አዘዞ ነው። ያኛው ዲስክ ሳይነካ ከተገኘ ሦስቱ ተገናኝተው የአራተኛውን ይሸፍናሉ፤ እሱም ከጸዳ አለቀ። የባለቤቴ ወንድም በስንፍናው የታወቀ ነው። በሩ ማጠፊያው ከወለቀ ዓመት አልፎታል፤ ገፋ እያደረገ ይገባል እንጂ አያስጠግነውም። ስንቴ አምቼዋለሁ! ያን ቀን ግን ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ቀና አታድርገው፣ ስንፍናውን አቆይልኝ» እያልኩ ስማጸን ሄድኩ። በሩን ገፍቼ ስገባ ጋቢውን እንደለበሰ ሶፋ ላይ ጋደም ብሏል።

«ዲስኩ?» አለ፣ አይኑን እያሸ። «እ... ኬብል አልገጥም አለኝ። ልፈልግለት ብዬ... እዚያው ቁምሳጥኑ ላይ ነው።»

በሄደበት ፌስታል፣ አቧራ ለብሶ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ይሉት ይኼን ነው። ሰውየውን አቅፌ ሳምኩት፤ ግራ ገብቶት «አይ፣ ለዚህ ነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በክፉ ሲነሳ እኔ ነኝ የምከላከለው።

ማታ ዲስኩን ቦታው መልሼ ትእዛዙን ጻፍኩና አይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሰርጎቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው። እናቴ እልል አለች። ከጠዳ የመጣውን ዲስክም ወደ ቦታው ለመመለስ ግን መዝሙሩን ማጥፋት ግድ ነበር። «መዝሙር? ያውም በስጦታ የመጣ?» አለች እናቴ፣ አስተያየቷን ብታዩት። ስለዚህ ሳጥኑን የሚሞላ ሌላ አዲስ ዲስክ፣ ለመዝሙሩ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሳጥን ገዛሁ። የእኛ ቤት ማከማቻ የሚሰፋው እንዲህ ነው። በዚህኛው ንግግር አላደረግሁም።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ሁሉም የምርቃት አዋቂ ሆነ። አንዱ ድምፁ የጎላው ይሁን ይላል፤ ሌላዋ እሷ የምትታይበት ካልሆነ ትላለች። በመጨረሻ የአጎቴን ልጅ የመረቀበትን መረጥን፤ የዚያችን ሙሽራ ስም ቆርጬ አወጣሁ፤ ድምፁን አጠራሁ። አባቴ ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። እሱን የጠየቀው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁትም።

የሰርጉ ዕለት ቲቪውን ዳሱ ውስጥ ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ አቆምን፤ ትልልቅ ስፒከር ከግራና ከቀኝ። ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ቪዲዮውን ከፈትኩት። አባቴ ቲቪው ውስጥ ብድግ አለ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ «የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» አለ። ዳሱ ሙሉ ሰው ተነስቶ እጁን ዘርግቶ «አሜን!» አለ። ሽማግሌዎቹ ለቲቪው ቆባቸውን አወለቁ። አንዲት ሴትዮ «ምን ዓይነት ልጅ ወለደ!» ስትል ሰማሁ፤ እኔን ነው። ኩራት ደረቴን ነፋው። እስቲ አባቴም ይየኝ ብዬ ዘወር አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ ቲቪው ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶታል። አባቴ ከዚያ ሁሉ ጀርባ ኋላ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ድምፅ ይሰማል። አላለቀሰም፤ ተቆጥቷል። እፍረት ከእግሬ እስከ ራሴ ወረረኝ። በሕይወት ያለ ሰው፣ ያውም አባቴ፣ በገዛ ልጁ ሰርግ ላይ ተዝካሩን አወጣሁለት። «ውለዱ» ካለ በኋላ «ክበዱ» ሳይል ቲቪውን አጠፋሁት።

«መብራት ሄደ?» አለ አንዱ። ሰው አጉረመረመ። እናቴ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች።

እህቴ ግን የማየውን አየች። ቬሏን ሰብስባ በሰው መካከል አልፋ ሄደችና ጉልበቱ ሥር ተንበረከከች። አባቴ ደህናውን እጁን አንስቶ ራሷ ላይ አኖረው። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ አይቸኩልም። ሰዉ ቀስ በቀስ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ምርቃቱ ሲረዝም ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ፤ አሜን የሚባለው የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ ወደ ፊት ወጣ ብላ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከንፈሩ ትንሽ ሲያርፍ «አሜን» አለች። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ሲያርፍ «አሜን» አለች። እኛም ከዚያ በኋላ እሷን እያየን አልን።