ዋጋ ተማኙ ኮት

አክስቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። ጆሮዋን አስጠግታ መኪናውን አንዴ ታሽከረክረውና የቱ ጋ እንዳመመው ትነግራችኋለች። ሃያ ዓመት በዚሁ ሙያ ሦስት ልጆቿንና እኔን፣ የእህቷን ልጅ፣ አሳድጋለች።

ደንበኛ ግን ሱቋ ገብቶ፣ እስከ አንጓዋ ድረስ በዘይት የጠቆረ እጇን እያየ፣ «ባለሙያው የለም?» ይላል። እኔ ነኝ ስትል ክርክሩ ይጀመራል። አራት መቶ ብር ያለችው ወደ ሁለት መቶ ይወርዳል። ሁለት በር አልፎ ያለው ጠጋኝ፣ ሙያውን ከእሷው የተማረው፣ ለዚያው ሥራ አራት መቶ ሲል ማንም ትንፍሽ አይልም።

አንድ ቀን ከልባሽ ጨርቅ ሻጭ የወንድ ኮት ገዝታ ወንበሩ ላይ ሰቀለች። «ጌታው ወጣ ብሏል፤ አራት መቶ ተቀበዪ ብሎኛል» ትል ጀመር። ከፈሉ። መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ሳቄን ተውሁት። ሰው የሌለበት ኮት ከሃያ ዓመት ሙያ በለጠ!

አንድ የስፌት ትምህርት ቤት ኃላፊ ለሙከራ አንድ መኪና አሠርቶ ወደደው። የቀሩትን አሥራ ሁለቱን፣ እያንዳንዱን በአራት መቶ፣ ሊሰጠን ተስማማ። አክስቴ በዚያ ገንዘብ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሰፊ ክፍል ልትከራይ አስባ ነበር። ሰውዬው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጌታው ራሱ መጥቶ መኪኖቹን ይያቸው።

አክስቴ ኮቱን ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ጌታው የለም። ያቺን መኪና የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ፈገግ አለ። «እንግዲያው እህቴ፣ በሁለት መቶ እንጨርሳ።»

«የሠራኋት መኪና ተበላሸች እንዴ?»

«ኧረ ቀጥ አድርጋ ነው የምትሰፋው። ያው ለአንቺ መደጎሚያ ነው ብዬ እንጂ፤ ቤት የሚያስተዳድር ወንድ አይደለሽ።»

ደሜ ፈላ። ከኋላ ያለነውን አራት አፎች ማን ሲያበላ የኖረ መሰለው?

«አራት መቶ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ካልሆነ ከኮቱ ጋር ይስማሙ።»

ሄደ። አሥራ ሁለቱም መኪኖች ሁለት በር አልፈው ገቡ፤ በአራት አራት መቶ።

አክስቴ መቀሱን አነሣች። ኮቱን ከትከሻው ጀምራ ቆራርጣ ዘይት መጥረጊያ አደረገችው። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ክፍል ሌላ ሰው ተከራየው።

በማግስቱ አንዲት ሴትዮ መኪና አዝላ መጣችና ባለሙያውን ጠየቀች። አክስቴ በኮቱ እጅጌ ቁራጭ ጣቶቿን ጠረገች፤ ጆሮዋን አስጠግታ መኪናውን አሽከረከረች።

«አራት መቶ» አለች።