ነብሩና ባናው

የቤታችሁን ምርጥ ነገር ለእንግዳ አቅርባችሁ፣ እንግዳው ግን ጓዳ የደበቃችሁት ነገር ላይ ዓይኑን ጥሎባችሁ ያውቃል? አዲሱን ብርጭቆ ስታወጡለት «በዚያ በጣሳው ስጡኝ» ያላችሁ፣ ማካሮኒ ስትቀቅሉለት የሽሮው ሽታ ልቡን የወሰደው እንግዳ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቤት ይህ ነገር አንድ በጋ ሙሉ ደርሶብናል። ምን እየደረሰብን እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል።

ያስታወሰኝ ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ባለፈው ሳምንት ከሪያድ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። እኔ እዚሁ መካነ ሰላም ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። በዕረፍት ሰዓት የጠመኔ ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ራህማ፣ አፈር ስሆን፣ ወደዚህ የምትመለስ ልጅ አለች፤ አንድ ባና ገዝተሽ ላኪልኝ። ጥቁሩን። አሠሪዎቼ ኤሲውን ሌት ተቀን አይዘጉትም፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ነው የሚገባው።»

በዚያ በሚያቃጥል አገር ብርድ? ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ባና የጠየቀችኝ ሰዓዳ መሆኗ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

ደጋ ላላደጋችሁ ልንገራችሁ። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። ይከብዳል፣ ይቆረቁራል፣ ዝናብ ሲነካው በግ በግ ይሸታል። ውርጭ ግን አያሳልፍም። በኛ አገር ባና የሌለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህም ማንም ልብ ብሎ አያየውም።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ሐዋ ከመናኸሪያው ጀርባ አልጋ ታከራይ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ የቀረልን ያ ግቢ ነው፤ በአንድ ረድፍ የተሠሩ ክፍሎች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሩ አጠገብ አንድ ባሕር ዛፍ። ከደሴ የሚነሳው አውቶቡስ ጉጉፍቱን አቋርጦ፣ አቀስታን አልፎ ሲደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ተሳፋሪው አቧራ ለብሶ፣ ጉልበቱ ደርቆ ይወርድና መጀመሪያ የሚጠይቀው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው።

አልጋማ ነበረን። የጠፋው የሚተኛበት ሰው ነው። ፊት ለፊታችን አዲስ አልጋ ቤት ተከፍቶ ነበር። ግድግዳው ሮዝ ቀለም ተቀብቷል፤ በየአልጋው ላይ ደግሞ ያ ከዓረብ አገር የሚመጣው፣ የነብር ሥዕል ያለበት ለስላሳ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። ሰው መንገዱን እየተሻገረ ወደዚያ ይገባል። እኛ በራችን ላይ ቆመን እናያለን።

ይህ ለኛ የገበያ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሰዓዳ ፓስፖርቷን አውጥታለች። የሠፈሯ እኩዮች አብዛኞቹ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ እሷም ልትከተላቸው ነው። እናቴ አንድ ቀን እራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እስከ በልግ ጠብቂኝ። ቤቱ ከሞላ ያንቺ ነው፤ አንቺው ታስተዳድሪዋለሽ። ካልሞላ ግን እጅሽን አልይዝም።»

«ከሞላ አልሄድም፤ ወላሂ» አለች ሰዓዳ።

እኛ ቤት ወላሂ የተባለበት ነገር አይታጠፍም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ አልጋ ባየሁ ቁጥር እህቴ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትሄድ ይታየኝ ነበር።

እናቴ ጊደራችንን ሸጠችና ሦስታችንም ብርድ ልብስ ልንገዛ ደሴ ሄድን። ሻጩ ከጣሪያ እስከ ወለል የተደረደረውን እያወረደ አሳየን፤ አበባ ያለበት፣ ፈረስ ያለበት፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። እናቴ አንዱንም በእጇ አልነካችም።

«ፊት ለፊታችን ያሉት የገዙት የትኛውን ነው?» አለችው።

«እናቴ፣ እኔ የእናንተን ፊት ለፊት በምን ልወቀው?»

«ነብር ያለበት ነው።»

«ነብር ያለበትም ሁለት ዓይነት ነው። ይሄኛው የሚያገሳ፣ ይሄኛው የተኛ።»

እናቴ አሰበች። «የተኛውን ስጠኝ። እንግዳ የሚፈልገው እንቅልፍ ነው።»

ዛሬ ስለ ሸማች ምርጫ ሳስተምር ዋጋ፣ ገቢ፣ ፍላጎት፣ የሌላ ሰው ተጽዕኖ ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ያቺን ሱቅ አያታለሁ። ብርድ ልብሱ ይሞቅ አይሞቅ አልጠየቅንም። የገዛነው የጎረቤታችንን ምርጫ ነበር።

ያመጣነው ብርድ ልብስ ግን ለሁሉም አልጋ አልበቃም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ። እናቴ እንግዳ የምትመዝነው በጫማው ነበር። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የመጣ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ነብሩ ይዘረጋለታል፤ ማካሮኒም ይቀቀልለታል። ጭቃ የረገጠ የገበያ ሰው ከሆነ ባናውንና ሽሮውን ያገኛል። ክፋት አልነበረም። ለራቀ እንግዳ ያለህን ምርጥ ነገር ስጥ ተብሎ ነው ያደግነው፤ ምርጡ ደግሞ አዲሱ ነው ብለን ነበር። ባናዎቹንማ የከተማ ሰው እንዳያያቸው እኔው ነበርኩ ጠቅልዬ ጓዳ የምከታቸው።

ጥቅምት አለፈ። ገብሱ ታጨደ፤ ሜዳው ሁሉ ገለባ ገለባ ሸተተ። ነብሮቻችን ተኝተዋል፣ አልጋዎቹም ባዶ ናቸው። ይባስ ብሎ ጋሽ ይማም እንኳ ተወን። ጋሽ ይማም የደጎሎ የገብስ ነጋዴ ነው፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ በገበያ ሰሞን እኛ ጋ ነው የሚያድረው። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ፊት ለፊት ካለው ቤት አፉን እየተጉመጠመጠ ሲወጣ አየነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱን ተሻገረች፤ እኔና ሰዓዳም ተከተልናት።

«ጋሽ ይማም፣ ምን አስቀየምንዎት?»

ደነገጠ። «ኧረ ምንም። ሽሮሽም ሸጋ ነው፣ ልጆችሽም ሸጋ ናቸው።»

«ታዲያ?»

አንገቱን አከከ። «ሐዋዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ባና እኔም ቤት አለ። ባለቤቴ የፈተለችው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እሱን ለብሼ አድራለሁ። አገሬን ለቅቄ፣ ገብሴን ሸጬ፣ አንድ ሌሊት ነብር ለብሼ ባድር ምን አለበት?»

«ነብሩ ካማረዎት እኛም አለን እኮ።»

«አውቃለሁ። ትናንት የመጣ ሁሉ ይለብሰዋል። እኔ ስመጣ ጫማዬን ታይና ባናውን ታመጪልኛለሽ።» እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ እናቴ ግን መሬት መሬቱን አየች።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ከአዲስ አበባ የመጡ ጥቂት ወጣቶች አድረውብን ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጫካ ድረስ ሄደው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያዩ ነው። ከነሱ አንዷ፣ ቤዛ የምትባል ሳቂታ ልጅ፣ ማለዳ ፀሐይ እንዲመታው አጥር ላይ የሰቀልኩትን ባና አውርዳ እስከ ጆሮዋ ተጠቅልላበታለች። ሰዓዳ ለራሷ በጥብጣ የተወችውን በሶም አንሥታ ትጠጣለች።

እናቴ ክው አለች። «ልጄ፣ አውልቂው። እሱ ይቆረቁርሻል። ሰውስ ምን ይለናል?»

«ማዘር፣ እንዴት ደስ እንደሚል! ለምን ማታ አልሰጣችሁንም?»

«ለናንተማ ነብሩን ሰጠናችሁ።»

«ነብሩ እኛም ቤት አለ። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ነው የምታወጣው። እኔ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ቤቴ የሌለውን ለማየት አይደል?»

ሰዓዳ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። «እማ፣ እኛ እኮ ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ መልሰን ነው የምናስተኛው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጫማ ማየት ቀረ። እንግዳ ሲገባ ሰዓዳ በሩ ላይ ትቆምና «ቤትዎ ምን ለብሰው ነው የሚያድሩት?» ትላለች። ሰዉ መጀመሪያ ይስቅባት ነበር። አንዱ «ምን አገባሽ? ልታገቢኝ ነው?» አላት። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ «የኔ ቤት ጋቢና ነው፤ የማድረው በለበስኩት ልብስ ነው» ቢላት ነብሩንም ባናውንም ደራርባ ሰጠችው፤ በማግስቱ ረዳቱ ነው በግድ የቀሰቀሰው። ገበሬውና ነጋዴው ነብር እየለበሰ ማካሮኒ በላ። የከተማው ሰው ባና እየለበሰ በሶ ጠጣ፣ የባቄላ እሸት ፈለፈለ። ጋሽ ይማምም ተመለሰ። በመጀመሪያው ጠዋት ሰዓዳ «እንዴት አደሩ?» ብትለው «ነብሩስ ደህና ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንሸራትተኛል» አላት። ያም ሆኖ ባናውን መልሱልኝ አላለም።

በልግ ሲገባ ቤቱ ሞላ። አንዳንድ ቀን የራሳችንን አልጋ ለእንግዳ ለቅቀን መደብ ላይ እንተኛ ነበር። እኔ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ሰዓዳ ቃሏን ጠበቀች፤ ፓስፖርቷን ሣጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት፤ ስለ መሄድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እናቴ ግን አንድ ነገር ታይ ነበር። ሰዓዳ መናኸሪያ የምትወጣው እንግዳ ለመቀበል ነው፤ ቆማ በዓይኗ የምትሸኘው ግን የሚሄደውን አውቶቡስ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ደጃፍ ላይ ባቄላ ስንለቅም እናቴ እጇን አቆመች።

«ሰዓዳ፣ ያንቺን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።»

«የምኔን?»

«ቤትሽ ያለውንማ አውቃለሁ፤ ያለበስኩሽ እኔ ነኝ። የሌለሽ ምንድን ነው?»

ሰዓዳ ባቄላውን በጣቷ እያንከባለለች «የማን ልጅ ነሽ የማይሉኝ አገር ማየት እፈልጋለሁ፣ እማ» አለች። «ግን ወላሂ ብያለሁ።»

«የማልሽው ለኔ ነው። እኔ አፉ ብያለሁ። ለመሐላሽ ማካካሻም ሚስኪን እናበላለን።»

በዚያው ጁምዓ ወጥ ሠርተን ሚስኪኖችን ሰብስበን አበላን። ሰዓዳ ራሷ ነበረች ስታስተናግድ የዋለችው። የምትሄድበት ቀን እናቴ አንድ ባና አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት። ሰዓዳ አወጣችውና አልጋው ላይ መልሳ ዘረጋችው። «ባናማ እዚህም ነበረኝ» አለች። ሳቅን። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ግን እናቴ አልሳቀችም።

ያኔ እናቴ ለምን እንደለቀቀቻት አልገባኝም፤ ተናድጄባትም ነበር። ቤቱን የሞላነው እሷን ለማስቀረት አልነበረም ወይ? አሁን ሳስበው፣ እናቴ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚቀርበውን ጥያቄ ለልጇ መንፈግ አልቻለችም። ሰዓዳ ስለዚያ አገር የምትነግረን ግማሹን ብቻ እንደሆነ እናውቃለን። መልካሙን ትነግረናለች፤ ሌላውን ከድምፅዋ እንገምታለን።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ባና ሻጩ ጢማም ሽማግሌ ነው፤ «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዓረብ አገር ላለች እህቴ።»

«ዓረብ አገር እሳት አይደለም እንዴ?»

«እሳቱ ውጭ ነው፤ ቤት ውስጥ ብርድ ነው አለችኝ።»

ራሱን ነቀነቀና ከሥር የነበረውን፣ ጥቁሩንና ከባዱን መዝዞ አወጣልኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሰዓዳ ከላከችላት ብርድ ልብስ ሥር ጋደም ብላለች። ይሄኛው ነብር የሚያገሳው ነው፤ እናቴ ግን ለምዳዋለች። ባናውን ልሰድደው ነውና ላጥበው ውኃ ስቀዳ ከአልጋዋ ተነሥታ ከእጄ ወሰደችው። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየች።

«አትጠቢው» አለችኝ። «ሽታውንም ፈልጋ ነው።»

ተማሪዎቼ ስለ ሸማች ምርጫ የጻፍኩላቸውን አራት ነጥብ ይዘው ፈተና ያልፋሉ። እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሚቀጥለው እንግዳችሁ ሲመጣ፣ ምርጣችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ቤቱ ምን ለብሶ እንደሚያድር ጠይቁት። ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ግድ የለም። እሱን ካስተኛችሁ በኋላ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ከእናንተው ጋር ለሚኖረው ሰው ጠይቁት፤ የሌለህ ምንድን ነው በሉት። መልሱ ደስ ባይላችሁም እስኪጨርስ ስሙት። ሞክሩት እስቲ።