የጋሽ አስማረ ፉርጎዎች

እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ጋሽ አስማረን የማያውቅ የለም፤ ከሚያውቋቸውም ውስጥ አንድ ጊዜ ያልሳቀባቸው አይገኝም። እኔም ስቄባቸዋለሁ። ማኅበር የሚጠጡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው ከመዳፍ የማትበልጥ የባቡር ፉርጎ በምላጭ ሲፍቁ ያየ ሰው ባይስቅ ነው የሚገርመኝ።

እኔ የተሰበረ ባጃጅ ጠጋኝ ነኝ። ፋይበሩ ሲሰነጠቅ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ ከማድረቂያው ጋር በጥብጬ እደፍናለሁ። ከጋሽ አስማረ ጋር ያወዳጀንም ይኸው ሬዚን ነው። አንድ ቀን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው መጡና «ልጄ፣ እስቲ ከዚያች ነገር ጠብ አድርግልኝ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ለፉርጎ» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ አስማረ ሃያ ዓመት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርተዋል። የጭነት ባቡር መጨረሻ ፉርጎ ላይ ተቀምጠው ቁልቁለት ሲመጣ ፍሬን የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም ወደ አገራቸው ተመለሱ። አምና አንድ የድሮ ባልደረባቸው በአውቶቡስ ካርቶን ላከላቸው። ውስጡ ያለው ከሬዚን የተሠራ የትንሽ ፉርጎ ብልት ነው፤ ግድግዳው ለብቻ፣ ጣሪያው ለብቻ፣ እግሩ ለብቻ፣ ገጣጥሞ ቀለም መቀባት ለባለቤቱ የተተወ። ባልደረባቸው ባቡር ከሚወድ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ በስጦታ ያገኘው ነበር። ጋሽ አስማረ ታዲያ ገጣጥመው ሳይጨርሱ አንድ ፉርጎ ብቻውን ባቡር እንደማይሆን ታያቸው። ለመስታወት ማጣበቂያ የሚደረገውን ሲልከን ገዝተው በየብልቱ ላይ ቀቡና ቅርጹን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሬዚን እያፈሰሱበት ሌሎቹን ራሳቸው ያወጡ ጀመር።

በልክ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። አንዴ የበሩ መቀርቀሪያ በተሳሳተው በኩል ሆኗል ብለው ያለቀለትን ፉርጎ ሰበሩ። «ማን ያውቅብዎታል?» ብላቸው «እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። እኔ በባጃጅ እንዲህ ብሆን ኖሮ ጦሜን አድር ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ፍቅርተ ግን ወደዚያ ክፍል ዝር አይሉም። ሃያውን ዓመት እዚሁ እስቴ ቀርተው፣ መሬቱን በእኩል እያሳረሱ፣ ልጆቹን ለብቻቸው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ባላቸው በዓመት አንዴ ለጥምቀት ብቅ ብለው ይመለሱ ነበር። ባቡሯን «ጣውንቴ» ነው የሚሏት። «ጣውንቴ ሞተችልኝ ብዬ ሳልጨርስ፣ ልጆቿን ቤቴ ድረስ አመጣብኝ» ሲሉ ጎረቤት ሁሉ በሣቅ ይፈርሳል። እሳቸው ግን አይስቁም።

አንድ ቀን ጋሽ አስማረ ሥራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «ሰው ቢስቅ ግዴለኝም» አሉኝ። «እሷ አንዴ ገብታ ብታይልኝ ነው የምፈልገው። ያን ሁሉ ዘመን የት እንደ ነበርሁ አታውቅም እኮ። በአፌ ልነግራት ስጀምር ትነሣለች።» ከዚያን ቀን ወዲህ መሣቁን ተውሁት። አንጀቴን በሉኝ።

የቀራቸው የመጨረሻው ፉርጎ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው። ጊዜው ደግሞ ሐምሌ ሆነና ሬዚኑ በብርዱ አልደርቅ ብሎ እንደ ሊጥ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጋሽ አስማረ እኔን መጠየቅ ትተው በቤታቸው የሊጥ ሕግ ሄዱ፤ ብርድ ሲሆን እርሾ ይጨመራል፣ ስለዚህ ማድረቂያውን እጥፍ አደረጉት። ሬዚኑ ፈላ፣ ጨሰ፣ ተሰነጣጠቀ። ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ። ሮጬ ስደርስ እትዬ ፍቅርተ ጓሮ ሆነው «ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ደግሞ ልታቃጥለኝ ነው?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ቡኮ አይደለም» አልኋቸው። «ማድረቂያው በልኩ ይሁን፤ የጎደለው ሙቀት ነው።»

«ምድጃ አጠገብ ላድርገው?»

«እሳት አይሆንም። ለስለስ ያለ፣ ቀንም ሌሊትም የማይለዋወጥ ሙቀት ነው የሚፈልገው።»

ጋሽ አስማረ ጓሮውን በመስኮት ሲያዩ ቆዩና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን አልወደድሁትም ነበር።

እትዬ ፍቅርተ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ነበረቻቸው። ጋሽ አስማረ ሬዚን የሞላውን ቅርጽ በጨርቅ ጠቅልለው ከእንቁላሎቹ ጎን ሸጎጡላት። ዶሮይቱ አንዴ ቀና ብላ አየቻቸውና ክንፏን ዘርግታ አብራ አቀፈችው። በማግስቱ የፉርጎው ግድግዳ እንደ ቀንድ ጠንክሮ ወጣ። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ሁለተኛውን ግድግዳም እንዲሁ፣ ጣሪያውንም እንዲሁ አወጡ። እኔም ነውር መሆኑን እያወቅሁ ሬዚኑን መበጥበጥ አልተውሁም።

የመጨረሻዋን ብልት ለማውጣት በተቃጠርንበት ጠዋት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተበረገደ። እትዬ ፍቅርተ ናቸው፤ ጥቅሉን በእጃቸው ይዘዋል።

«ዶሮዬን ፉርጎ ታስታቅፋታለህ?» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንተም እጅህ አለበት» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ጥቅሉን ሊወረውሩት እጃቸውን ሲያነሡ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ፉርጎዎቹ በሽቦ ሐዲድ ላይ ተቀጣጥለው ቆመዋል፤ ቀለማቸው የዛገ ብረት ቀለም ነው፣ በሮቻቸው ይከፈታሉ። እትዬ ፍቅርተ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። እኔ መውጣት ፈልጌ ነበር፤ በሩ ላይ የቆሙት ግን እሳቸው ናቸው።

«ይቺው ናት?» አሉ።

«ይቺው ናት።»

«አንተ የት ነበርህ?»

ጋሽ አስማረ ጥቅሉን ከእጃቸው ተቀብለው ፈቱት። ከቅርጹ ውስጥ የወጣችው ከወለሏ ጋር የተያያዘች ትንሽ መቀመጫ ነበረች። ከመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ፣ ከውጭ በኩል ገጠሟት። «እዚች ላይ» አሉ።

«በሩስ?»

«በር የላትም።»

«ጣሪያስ?»

«የላትም።»

«ዝናብ ሲመጣ ታዲያ?»

«ይመታኛል።»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊትም እዚያው ነኝ። ፍሬን ተትቶ አይኬድም።»

እትዬ ፍቅርተ ዱካ ሳቡና ተቀመጡ። «እኔ እኮ አልጋ የተዘረጋበት ቤት ነበር የሚመስለኝ» አሉ። «አንተ ሞቆህ ተኝተህ እየሄድህ፣ እኔን ብቻ ክረምቱ የሚመታኝ ነበር የሚመስለኝ። ስንቱን ክረምት ረግሜሃለሁ።»

ጋሽ አስማረ ምላጩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ።

«ጣሪያ ሥራላት» አሉ እትዬ ፍቅርተ።

«እውነተኛዋ እኮ ጣሪያ...»

«የእውነተኛዋን አልጠየቅሁህም። ሥራላት።»

የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር። ጋሽ አስማረ ግን ከተረፈው ሬዚን ላይ አንዲት ቁራጭ አነሡ፤ በምላጭ ቆረጧት፣ በሞረድ አለሰለሷት፣ ከመቀመጫዋ በላይ በሙጫ አጣበቋት። እትዬ ፍቅርተ ጎንበስ ብለው በጥንቃቄ አዩዋት።

«ትንሽ ወደ ፊት ትውጣ» አሉ። «እንዲህ ሆና ዝናቡ ጉልበትህን ይመታሃል።»

ጋሽ አስማረ ሙጫው ሳይደርቅ ጣሪያዋን ወደ ፊት ሳብ አደረጓት።