ግድግዳ የሌለው የቤት ምረቃ

እንቁ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክርና ቁልፍ እየቸረቸረች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። የአባቷን የጭቃ ቤት አፍርሳ አዲስ ልትሠራ ስትነሳ፣ ካጠራቀመችው ብር ግማሹ አንድ ብሎኬት ሳይቆም መሬት ገባ። ለአፍራሾቹ ከፈለች፤ ፍርስራሹን ለሚያነሳው መኪና ከፈለች። የድሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ ብቻውን ድንጋይ ሲውጥ ሰነበተ። ቁልቁለቱን ለመደልደል ደግሞ ገረጋንቲ በመኪና በመኪና ተገለበጠ።

የሰፈሩ ወሬ ከመኪናው ይፈጥናል፤ "እንቁ ተበላች!" ተባለ። ጎረቤቷ ምኞትማ እድር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እንቁዬ፣ ብርሽን ቀብረሽ ተዝካሩን መቼ ነው የምንበላው?" አለቻት።

እንቁ አልተቆጣችም። "ተዝካር ሳይሆን ምረቃ ነው። እሑድ ኑ" አለች።

እሑድ እድርተኛው ግልብጥ ብሎ ቢመጣ፣ ያገኘው የተደለደለ ባዶ መሬት ነው። እንቁ መሐሉ ላይ ወንበር ደርድራ፣ ድፎ ዳቦ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

"ቤቱስ?" አለች ምኞት።

"ከእግርሽ ሥር ነዋ! አባቴ ለመሬቱ መደልደያ ሳይከፍል ግድግዳ አቆመ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤቱ እየሰመጠ በሩ ይነክስ ነበር። ለገና ልትጠይቂን መጥተሽ ሳለ በሩ እምቢ ብሎ በመስኮት ያወጣንሽን ረሳሽው?"

"ክረምት እንጂ ገና አልነበረም፤ ውሸታም!" አለች ምኞት ሳቋ እያመለጣት። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ያን የሚያህል ሰውነቷን ይዛ ዘለለች። መሬቱ ንቅንቅ አላለም። እልልታውን ያስነሳችው ራሷ ምኞት ናት።